ከዘጌ የሚመጣው የማይነቃነቅ ቁጥር፦ የኔትወርክ ኤጀንት መሸጎጫ ፍተሻ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ባሕር ዳር ከሚገኘው ቢሯችን ጣሪያ ተነሥቶ የጣናን ውኃ በማቋረጥ ዘጌ የሚደርሰው የሬዲዮ መስመር በመቆጣጠሪያው ግራፍ ላይ እንግዳ ጠባይ ማሳየት ከጀመረ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ስለሆነ፣ ፍተሻውን ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ማስታወሻ እየመዘገብሁ ለመሥራት ወስኛለሁ።

ዘጌ ላይ፣ በቡናው ጫካ ጠርዝ በቆመው ምሰሶ ሥር፣ በሶላር ኃይል የምትሠራ አንዲት ራስበሪ ፓይ አለች። የጣቢያው ራውተርም እርሷው ናት። በላይዋ የተጫነው ኔት-ኤስኤንኤምፒ 5.9 የተባለው ኤጀንት (ስለ ማሽኗ ሁኔታ ሲጠየቅ የሚመልስ ፕሮግራም) ሲሆን፣ ባሕር ዳር ያለው መቆጣጠሪያ ሰርቨር በዩዲፒ ወደብ 161 በጠየቀው ቁጥር የመስመሩን የባይት ቆጣሪ፣ የማሽኑን የሥራ ዘመንና የባትሪውን ቮልቴጅ ይመልስለታል። ሰርቨሩ እስከ ጥቅምት ሦስተኛ ሳምንት ድረስ በየ300 ሰከንዱ ነበር የሚጠይቀው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ የሐይቁ ገጽ ስለሚናወጥ፣ ከውኃው ተንጸባርቆ የሚመጣው ሞገድ የሬዲዮውን ምልክት ያወዛውዘዋል የሚል ጥርጣሬ ስለነበረን፣ ሁኔታውን ቀረብ ብለን ለማየት መጠየቂያውን ወደ 20 ሰከንድ ዝቅ አደረግነው። የትራፊኩ ግራፍ የመጋዝ ጥርስ መምሰል የጀመረው በዚያው ቀን ነው።

ለራሴ ማስታወሻ፦ ሰርቨሩ የሚመዘግበው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። 11:00 ብሎ ሲጽፍ እኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነን፤ ሦስት እየቀነስሁ ማንበብ አለብኝ። ባለፈው ወር ይህን ረስቼ የቀኑን ችግር በማታው መዝገብ ውስጥ ስፈልግ ግማሽ ቀን አጥፍቻለሁ።

ኅዳር 3 ቀን፣ ማክሰኞ

ቁጥር እንዲኖረኝ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሰከንድ 12 ሜጋቢት የሆነ ቋሚ የሙከራ ፍሰት ለቀቅሁ። ፍሰቱ ቋሚ ስለሆነ ግራፉ ቀጥ ያለ መስመር መሆን ነበረበት። ያገኘሁት ግን 0፣ 24፣ 0፣ 24 እያለ የሚመላለስ ቁጥር ነው። አማካዩ ትክክል ነው፣ 12 ይመጣል፤ እያንዳንዱ ንባብ ግን ሐሰት ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርሁት የቆጣሪውን መሙላት ነበር። የቆየው ባለ 32 ቢት ቆጣሪ 4,294,967,296 ላይ ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ይህ በፈጣን መስመር ላይ የታወቀ የስሕተት ምንጭ ነው። ነገር ግን መስመራችን ሙሉ አቅሙን፣ ማለትም በሰከንድ 40 ሜጋቢት ቢያስተላልፍ እንኳ ቆጣሪው ለመሙላት 14 ደቂቃ ያህል ይወስድበታል፤ በ20 ሰከንድ ልዩነት በየተራው ሊሞላ አይችልም። ከዚህም በላይ ሰርቨሩ የሚያነበው በ1.3.6.1.2.1.31.1.1.1.6 የሚገኘውን ባለ 64 ቢት ቆጣሪ መሆኑን አረጋገጥሁ (ኤጀንቱ የሚመልሰው እያንዳንዱ ነገር እንዲህ ያለ በነጥብ የተከፋፈለ የቁጥር አድራሻ አለው)። ይህ መንገድ ተዘጋ።

ቀጥዬ በማሽኗ ላይ ገብቼ ከርነሉ (የማሽኗ ሥርዓተ ክወና እምብርት) ራሱ የሚይዘውን ቆጣሪ በየሰከንዱ አነበብሁ። ያለ ምንም መቆራረጥ፣ እኩል በሆነ እርምጃ ይጨምራል። ስለዚህ ከርነሉ እውነቱን ያውቃል፤ እውነቱ የሚጠፋው ከከርነሉ እስከ ሰርቨሩ ባለው መንገድ ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ የሠራሁት ነገር ግማሽ ቀን አሳሳተኝ። የኤጀንቱን መልስ ለማየት ከላፕቶፔ በየ1 ሰከንዱ እጠይቀው ጀመር። ወዲያው የሰርቨሩ ግራፍ ቅርጹን ለወጠ፤ 0፣ 24 መሆኑ ቀርቶ 0፣ 18፣ 18 ሆነ። ላፕቶፑን ስዘጋ ወደ 0፣ 24 ተመለሰ። ችግሩ በራሱ ጊዜ የሚመጣና የሚሄድ መስሎኝ ገመድ ስፈትሽ አመሸሁ። መጠየቄ ራሱ መልሱን እንደሚለውጥ ያሰብሁት ወደ ቤቴ ስሄድ፣ ግሽ ዓባይ ሰፈር አካባቢ ባጃጅ ላይ ተቀምጬ ነው።

ኅዳር 4 ቀን፣ ረቡዕ

ኔት-ኤስኤንኤምፒ አንዳንድ ሠንጠረዦችን ሲጠየቅ ሁልጊዜ ከከርነሉ አዲስ አያነብም። አንድ ጊዜ ያነበበውን መሸጎጫ ውስጥ ያስቀምጥና ዕድሜው እስኪያልቅ ድረስ ለሚመጣው ጠያቂ ሁሉ ያንኑ ይሰጣል። ደግነቱ ይህን በምሥጢር አይዘውም፤ የትኛው ሠንጠረዥ ለስንት ሰከንድ እንደተሸጎጠ የሚናገር የራሱ ሠንጠረዥ አለው፤ በ1.3.6.1.4.1.8072.1.5.3 ይገኛል። 8072 ለኔት-ኤስኤንኤምፒ የተመደበው ቁጥር ነው። በአንድ ዓምድ ዕድሜው በሰከንድ፣ በሌላው ዓምድ ሁኔታው ይነበባል፤ ሁኔታው 3 ከሆነ ባዶ ነው፣ 4 ከሆነ መረጃ ይዟል፣ 5 ከሆነ ዕድሜው አልፏል። የእያንዳንዱ ረድፍ መለያም የተሸጎጠው ሠንጠረዥ የራሱ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ የኔትወርክ ገጾቹን (ማሽኗ ከመስመሮች ጋር የምትገናኝባቸውን በሮች) ሠንጠረዥ ዕድሜ ለማወቅ ከዓምዱ ቁጥር ቀጥሎ 1.3.6.1.2.1.2.2 ብሎ መጠየቅ በቂ ነው።

ጠየቅሁ። መልሱ 30 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ግር ያለኝ ነገር ነበር። እኔ የማነበው ባለ 64 ቢት ቆጣሪ የሚገኘው በሌላ ሠንጠረዥ፣ በ1.3.6.1.2.1.31.1.1 ውስጥ ሲሆን፣ ለዚያ ሠንጠረዥ የተለየ የመሸጎጫ ረድፍ አላገኘሁም። ምክንያቱ ሁለቱ ሠንጠረዦች አንድ መሸጎጫ የሚጋሩ መሆናቸው ነው። የመጀመሪያው ሲታደስ ሁለተኛውም ይታደሳል፤ የመጀመሪያው ሲያረጅ ሁለተኛውም አብሮት ያረጃል።

አሁን ሒሳቡን በወረቀት ሠራሁት። ሰርቨሩ በ0ኛው ሰከንድ ሲጠይቅ መሸጎጫው ይሞላል። በ20ኛው ሰከንድ ሲጠይቅ መረጃው ገና የ20 ሰከንድ ዕድሜ ስላለው ያው የቀድሞው ቁጥር ይመለሳል፤ ልዩነቱ ዜሮ ነው። በ40ኛው ሰከንድ ዕድሜው 30ን ስላለፈ አዲስ ይነበባል፤ የ40 ሰከንድ ትራፊክ በ20 ሰከንድ ተካፍሎ እጥፍ ሆኖ ይታያል። በ60ኛው እንደገና ዜሮ፣ በ80ኛው እንደገና እጥፍ። 0፣ 24፣ 0፣ 24።

ላፕቶፔ በየሰከንዱ ሲጠይቅ ደግሞ መሸጎጫው የሚታደሰው የሰርቨሩን ተራ ሳይጠብቅ፣ ዕድሜው እንዳለቀ ወዲያውኑ በየ30 ሰከንዱ ገደማ ነው። ሰርቨሩ በ20 የሚያገኘው የ0ን ቁጥር፣ በ40 የሚያገኘው የ30ን፣ በ60 የሚያገኘው የ60ን ነው። ልዩነቶቹ የ0፣ የ30 እና የ30 ሰከንድ ትራፊክ ናቸው፤ በ20 ሲካፈሉ 0፣ 18፣ 18 ይሆናሉ። ትናንት ያሳሳተኝ ቅርጽ በቁጥሩ ልክ ወጣ። አንድን ነገር እንደገባኝ የማምነው እንዲህ ያለ የተዛባ ቁጥር ጭምር ሲያስረዳልኝ ነው።

ሌላው ትምህርት የሰጠኝ ነገር የአካፋዩ ጉዳይ ነው። ሰርቨሩ በአንድ ጥያቄ ውስጥ ቆጣሪውንና የኤጀንቱን የሥራ ዘመን፣ ማለትም 1.3.6.1.2.1.1.3.0ን አብሮ ይጠይቃል፤ ይህ በሁለቱ መካከል የጊዜ ልዩነት እንዳይኖር ተብሎ የሚመከር አሠራር ነው። ነገር ግን የሥራ ዘመኑ አይሸጎጥም፤ ሁልጊዜ የአሁኑን ይናገራል። ስለዚህ በአንድ ፖስታ ውስጥ የመጡት ሁለት ቁጥሮች አንዱ የዛሬ፣ አንዱ የቀደመ ነበሩ፤ ፖስታው አንድ መሆኑ ግን እኩያ አስመስሏቸዋል።

ኅዳር 5 ቀን፣ ሐሙስ

30 ከየት መጣ? በኤጀንቱ የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ስለዚህ የተጻፈ ምንም የለም። በመጨረሻ ያገኘሁት በአገልግሎቱ ማስነሻ ስክሪፕት (አጭር የትእዛዝ ፋይል) ግርጌ ነው፤ ኤጀንቱ በተነሣ ቁጥር ያንን ረድፍ ወደ 30 የሚለውጥ አንድ ትእዛዝ ተጽፏል። የመሸጎጫው ዕድሜ በትእዛዝ ሲለወጥ በማሽኗ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ (ራም) ውስጥ ብቻ ስለሚቆይ፣ ኤጀንቱ ሲዘጋ ይጠፋል፤ ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ይህን ስለሚያውቅ ነው በማስነሻው ውስጥ ያኖረው። መጠየቂያው 300 ሰከንድ በነበረበት ዘመን ሥራው ምንም እንከን አልነበረውም፤ ሰርቨሩ በመጣ ቁጥር መሸጎጫው አርጅቶ ስለሚገኝ ሁልጊዜ አዲስ ቁጥር ያገኝ ነበር። ያበላሸነው እኛ ነን፤ አንዱን ሰዓት ለውጠን ሌላውን ረሳነው።

ቁጥሩን ወደ 3 ዝቅ አደረግሁት። መሸጎጫውን ፈጽሞ ላጠፋው አስቤ ነበር፤ ሁለት ነገር አገደኝ። አንደኛ፣ ሙሉ ሠንጠረዡ የሚነበበው በብዙ ተከታታይ ጥያቄዎች ስለሆነ፣ መሸጎጫ ከሌለ የመጀመሪያው ረድፍና የመጨረሻው ረድፍ የተለያየ ቅጽበት ይሆናሉ፤ መሸጎጫው ሁሉንም በአንድ ፎቶግራፍ ውስጥ ያኖራቸዋል። ሁለተኛ፣ ማሽኗ ትንሽ ናት። ሦስት ሰከንድ ሠንጠረዡን ለማንበብ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ፣ ከመጠየቂያው ግን እጅግ ያነሰ ነው። ሌላ ጠያቂ በመሐል ቢገባ ቁጥሩ ቢበዛ የ3 ሰከንድ ዕድሜ ሊኖረው ይችላል፤ በ20 ሰከንድ ንባብ ላይ ይህ ቢበዛ የ15 በመቶ መዛባት ነው። ለዚህ ሥራ እቀበለዋለሁ።

የሙከራውን ፍሰት እንደገና ለቀቅሁ። 12፣ 12፣ 12፣ 12።

ኅዳር 9 ቀን፣ ሰኞ

የትራፊኩ ጉዳይ እንዳለቀ አምኜ ነበር ያረፍሁት። ቅዳሜም እሑድም ሌሊት ከ8 ሰዓት ገደማ ጀምሮ የዘጌ መስመር ተቋርጦ፣ ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ ተመልሷል። በቢሮው የሁላችንም የመጀመሪያ ግምት ሐይቁ ነበር፤ የሌሊት እርጥበትና የውኃው ነጸብራቅ ምልክቱን ገደለው አልን። ኃይሉን ያልጠረጠርነው የባትሪው ቁጥር 12.8 ቮልት እንደሆነ ስለሚታይ ነው። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ኃይል አልጎደለም።

ዛሬ ግን የሥራ ዘመኑን ቁጥር ተመለከትሁ። ይህ ቁጥር የሚቆጥረው በሰከንድ መቶኛ ሲሆን ጠዋት 3 ሰዓት ከሩብ ላይ 246,000 ገደማ ነበር፤ ማለትም 41 ደቂቃ። ሬዲዮው ብቻ ቢቋረጥ ኖሮ ማሽኗ ሌሊቱን ሙሉ ቆጥራ ታድር ነበር። ከዜሮ የጀመረችው ስለጠፋችና እንደገና ስለተነሣች ነው። ኤጀንቱ ብቻውን ወድቆ ተነሥቶ እንዳይሆን የማሽኗን የራሷን የሥራ ዘመን በ1.3.6.1.2.1.25.1.1.0 ጠየቅሁ፤ እርሱም ከዚያ ጋር የሚቀራረብ ነው። ስለዚህ ኃይል ጠፍቷል፤ ቮልቴጁ ግን 12.8 ይላል። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል።

የባትሪውን ግራፍ ወደ ኋላ ዘርግቼ ሳየው አፈርሁ። ከጥቅምት 29 ጀምሮ ቀጥ ያለ መስመር ነው። በሶላር የሚሞላ የ12 ቮልት ባትሪ ቀን ፀሐይ ሲያገኝ ወደ 14 ይጠጋል፣ ሌሊት ጭነቱን ተሸክሞ ይወርዳል፤ በየቀኑ እንደ ኮረብታ መውጣትና መውረድ አለበት። ጀምበር ስትወጣና ስትጠልቅ የማይነቃነቅ የባትሪ መስመር የለም። ሁላችንም ቁጥሩ ጥሩ ስለሆነ መስመሩን ሳናየው ቀረን።

ኅዳር 10 ቀን፣ ማክሰኞ

ለባትሪው ቁጥር ኤጀንቱ የሚጠቀመው ‹ኤክስቴንድ› የተባለውን ዘዴ ነው፤ ሲጠየቅ አንድ ስክሪፕት ያስኬድና ስክሪፕቱ ያተመውን ይመልሳል። ይህም የራሱ መሸጎጫ አለው፤ ካልተለወጠ 5 ሰከንድ ነው። ከሳምንቱ ልምዴ በመነሣት መጀመሪያ የጠረጠርሁት እርሱን ነበር። ዕድሜውን ጠየቅሁ፤ 5 ነው። ወደ 1 ዝቅ አደረግሁት፤ ቁጥሩ አልተለወጠም። ወደ ‹ነጌቲቭ 1› አደረግሁት፤ ይህ ጨርሶ አትሸጉጥ ማለት ነው፤ አሁንም 12.8። የዚህ ሙከራ ብቸኛ ፍሬ፣ ውጤቱን የሚገልጹት ዓምዶች እያንዳንዳቸው ስክሪፕቱን እንደ አዲስ ስለሚያስኬዱት፣ አንድ ተራ ንባብ ብዙ ጊዜ እንደሚያስሮጠው ማየቴ ነው። ወደ 5 መለስሁት።

ቀጥዬ ኤጀንቱን ዘግቼ አስነሣሁት። የኤጀንቱ መሸጎጫ ሁሉ በጊዜያዊው ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ስለሆነ በዚህ ይጸዳል። ያም ሆኖ 12.8። ይህ ሙከራ ቀላል ቢሆንም ብዙ ነገር ቆረጠልኝ፤ አሮጌው ቁጥር የተቀመጠው ኤጀንቱ ሲሞት አብሮ በማይሞት ቦታ ነው። ማሽኗ በየሌሊቱ እየጠፋች መነሣቷን ከጨመርንበት፣ ቦታው በማሽኗ የማከማቻ ካርድ ላይ ያለ ፋይል ከመሆን ሌላ አማራጭ የለውም።

ስክሪፕቱን ከፈትሁት። ሁለት መስመር ነው፤ አንድ ፋይል ያነብና ያትማል። ፋይሉን የሚጽፈው በክሮን (ሥራን በቀጠሮ በሚያስነሣው ፕሮግራም) በየደቂቃው የሚሮጥ ሌላ ስክሪፕት ሲሆን፣ እርሱ በሲሪያል ገመድ ቻርጅ ኮንትሮለሩን፣ ማለትም የባትሪውን አሞላልና ጭነት የሚቆጣጠረውን መሣሪያ ይጠይቃል። እንዲህ ለሁለት የተከፈለበት ምክንያት አለው፤ አከብረዋለሁም። ኮንትሮለሩ ለመመለስ 4 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ኤጀንቱ ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ ስለሆነ፣ እርሱን ሲጠብቅ ሌላውን ጠያቂ ሁሉ ያስጠብቃል። የጠያቂው ትእግሥት በተለመደው ቅንብር 1 ሰከንድ ነው፤ ከዚያ ጥያቄውን ይደግማል፣ ወረፋው ይከማቻል። ፋይሉ ከዚህ አድኖናል።

ጉድለቱ የጻፊው ስክሪፕት ሲወድቅ የሚሆነው ነገር ነው። ኮንትሮለሩ ካልመለሰ ስክሪፕቱ ዝም ብሎ ይወጣል፤ ፋይሉን አይነካውም። ፋይሉ የተጻፈበት ቀን ጥቅምት 29፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነው። አንባቢው ግን ቀኑን አይጠይቅም፤ ያገኘውን ያትምና ሥራዬ ተሳክቷል ብሎ ይወጣል። ኤጀንቱም ያንን 5 ሰከንድ ሸጉጦ ትኩስ አስመስሎ ያቀርበዋል፤ ሰርቨሩም በዋናው ገጽ ላይ በአረንጓዴ ያሳየዋል። እያንዳንዱ ደረጃ ከበታቹ የተቀበለውን ቁጥር አሳልፏል፤ የቁጥሩን ዕድሜ ግን አንዱም አላሳለፈም።

ማምሻውን ለጣቢያው ጠባቂ ደወልሁ።

«ጋሼ፣ እንደምን አመሹ? ከምሰሶው ሥር ያለው ሳጥን ሌሊት መብራት ይታይበታል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ምን መብራት አለና! ከቅዳሜ ወዲህ ሌሊት ሌሊት ጨለማ ነው። ፀሐይ ሞቅ ሲል ራሱ ይነሣል። እናንተ ታውቁት ይሆናል ብዬ ነው ዝም ያልሁ።»

ኅዳር 12 ቀን፣ ሐሙስ

ኅዳር ሚካኤል ስለሆነ ጀልባ አልተገኘም፤ ጠባቂውም ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ነገ ጠዋት።

ኅዳር 13 ቀን፣ ዓርብ

ነፋሱ ሳይነሣ ለመድረስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከወደቡ ተነሣን። ሐይቁ ጸጥ ያለ ነበር፤ ከደንገል የተሠራች አንዲት ታንኳ ማገዶ ጭና ወደ ባሕር ዳር ስትመጣ ተላለፍን።

የተገኘው እንዲህ ነው። የሲሪያል ገመዱ ማያያዣ በእርጥበት አረንጓዴ ዝገት ይዞ ግንኙነቱ ተቋርጧል፤ የቁጥሩ መቆም ምክንያት ይህ ነው። የኃይሉ መጥፋት ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው። በክረምቱ ያደገ የዋንዛ ቅርንጫፍ ከቀትር በኋላ ሶላሩን ጥላ ስለሚያለብሰው ባትሪው በቂ አይሞላም፤ ኮንትሮለሩም 11.1 ቮልት ላይ ጭነቱን እንዲቆርጥ ስለተዘጋጀ ሌሊት ይቆርጠዋል። በመለኪያ ስለካው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 12.1 ነበር። በዚያው ቅጽበት ስልኬ ላይ ያለው የመቆጣጠሪያው ገጽ 12.8 ይላል።

ሁለቱ ብልሽቶች የማይገናኙ መሆናቸው ነው ያደናገረን። ገመዱ ባይበላሽ ቮልቴጁ ከሳምንት በፊት ሲወርድ እናየው ነበር። ቅርንጫፉን ጠባቂው በገጀራ ቆረጡት። ማያያዣውን ጠርጌ፣ ቅባት ቀብቼ፣ በፕላስቲክ ጠቅልዬ ዘጋሁት። ኮንትሮለሩ ወዲያው መለሰ።

ሥራው ግን እዚህ ላይ አላለቀም። ገመዱ ነገም ሊዝግ ይችላል።

ኅዳር 16 ቀን፣ ሰኞ

ስክሪፕቶቹን በቢሮ ባለች ተመሳሳይ ማሽን ላይ እንደ አዲስ ጻፍሁ። የመጀመሪያው ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ አንባቢው ፋይሉ የተጻፈበትን ሰዓት ከአሁኑ ሰዓት ይቀንሳል፤ ልዩነቱ ከ180 ሰከንድ ከበለጠ ቁጥሩን አይሰጥም። በጠረጴዛ ላይ ገመዱን ነቅዬ ሞከርሁት፤ ከ3 ደቂቃ በኋላ በትክክል አቆመ።

ከዚያ የዘጌን ሌሊት ለመምሰል ገመዱን ነቅዬ ኃይሉን አጠፋሁና ከሁለት ሰዓት በኋላ ያለ ኔትወርክ አስነሣሁት። የፋይሉ ዕድሜ 40 ሰከንድ ነው አለኝ። ይህች ማሽን በባትሪ የሚሠራ የራሷ ሰዓት የላትም፤ ስትነሣ መጨረሻ ላይ በካርዱ ላይ ከተመዘገበው ሰዓት ትቀጥላለች። ለእርሷ ሁለቱ ሰዓት አልነበሩም። ኔትወርክ አግኝታ ሰዓቷን ስታስተካክል ዕድሜው በአንድ ጊዜ ከ7,200 በላይ ሆነ፤ እስከዚያ ድረስ ግን አሮጌውን ቁጥር ትኩስ ብላ ትሰጣለች። የዘጌም ማሽን ያው ዓይነት ናት። በየጠዋቱ ከእንቅልፏ ስትነቃ ለተወሰኑ ደቂቃዎች የማታውን ቮልቴጅ ልታቀብለን ነበር፤ ያውም በጣም በምንፈልግበት ሰዓት።

ስለዚህ የማሽኗን የቀንና የሰዓት አቆጣጠር ትቼ ማሽኗ ከተነሣች ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች ቁጥር ወሰድሁ። ይህ ቁጥር ሰዓት ቢስተካከልም ባይስተካከልም ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል። ጻፊው ስክሪፕት ቮልቴጁንና ያንን ቁጥር አንድ ላይ ይጽፋል፤ አንባቢው ከአሁኑ ይቀንሳል። ፋይሉን ደግሞ ከካርዱ አንሥቼ በጊዜያዊው ማኅደረ ትውስታ ላይ ወደተመሠረተው ማውጫ አዛወርሁት፤ ማሽኗ ስትጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስትነሣ ፋይል ከሌለ ቁጥር የለም፤ ይህ ትክክለኛ መልስ ነው። ጻፊው በመጀመሪያ ሌላ ፋይል ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ስሙን ይለውጣል፤ አንባቢው በግማሽ የተጻፈ እንዳያገኝ።

አንባቢው አሁን ሁለት መስመር ያትማል፤ በመጀመሪያው ቮልቴጁን፣ በሁለተኛው ዕድሜውን በሰከንድ። ዕድሜው ከ180 ካለፈ ወይም ፋይሉ ከሌለ በመጀመሪያው መስመር ላይ ያልታወቀ የሚል ምልክት ጽፎ የስሕተት ቁጥር ይዞ ይወጣል። ‹ኤክስቴንድ› ይህን የመውጫ ቁጥር በተለየ ዓምድ፣ በ1.3.6.1.4.1.8072.1.3.2.3.1.4 ስለሚያሳይ ሰርቨሩ በቀጥታ ሊጠይቀው ይችላል። ዓምዱ ድሮም ነበረ፤ የጠየቀው ሰው አልነበረም። የኤጀንቱን የ5 ሰከንድ መሸጎጫ አልነካሁትም፤ ዕድሜው ራሱ አብሮ ስለሚሸጎጥ ቢበዛ 5 ሰከንድ ያንሳል፤ ከ180 አንጻር ምንም አይደለም። ወደፊት የሚመጣ ሰው እንዳይደናገር ግን ያንኑ 5 በማዋቀሪያው ፋይል ውስጥ፣ በ‹ኤክስቴንድ› መስመር ላይ በግልጽ ጻፍሁት፤ በማስነሻ ስክሪፕት ግርጌ የተደበቀ ቁጥር ከእንግዲህ አልፈልግም። የገጾቹ ሠንጠረዥ 3 ግን በማዋቀሪያው ፋይል የሚጻፍበት መንገድ ስላላገኘሁ እዚያው ማስነሻው ውስጥ ቀርቷል፤ በማዋቀሪያው አናት ላይ የት እንዳለ የሚጠቁም ማስታወሻ ጽፌለታለሁ።

ኅዳር 18 ቀን፣ ረቡዕ

አዲሶቹን ስክሪፕቶች ዘጌ ላይ በርቀት ጫንሁ። ከዚያ ለጠባቂው ደውዬ ያንን በፕላስቲክ የጠቀለልሁትን ማያያዣ እንዲነቅሉልኝ ጠየቅሁ።

«ሠርተኸው ሄደህ ደግሞ ንቀለው ትለኛለህ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፤ ሲነቀል መናገሩን ማየት አለብኝ።»

ነቀሉት። ዕድሜው 60፣ 80፣ 100 እያለ በየንባቡ ወጣ፤ 180ን እንዳለፈ ቮልቴጁ ባዶ ሆነ፤ በሚቀጥለው ጥያቄ ሰርቨሩ የማስጠንቀቂያ መልእክት ላከ። በዋናው ገጽ ላይ ግን አረንጓዴው ሳጥን አሁንም 13.4 ይላል። ገጹ ባዶ ንባብ ሲመጣ የመጨረሻውን የታወቀ ቁጥር እንዲያሳይ ተዘጋጅቶ ኖሯል፤ ይህ አራተኛው መሸጎጫ መሆኑ ነው። ቅንብሩን አጥፍቼ ከቮልቴጁ ጎን ዕድሜው እንዲጻፍ አደረግሁ። ጠባቂው ገመዱን መልሰው ሰኩ፤ በደቂቃው ዕድሜው ወደ 8 ወረደ።

ኅዳር 20 ቀን፣ ዓርብ

ሁለት ሌሊት መስመሩ አልተቋረጠም። የባትሪው ግራፍ ኮረብታ ሠርቷል፤ የትናንቱ ከፍታ 14.2፣ የሌሊቱ ዝቅታ 12.3። የሬዲዮው ምልክት ከሰዓት በኋላ በእርግጥ ይወዛወዛል፤ መጠየቂያውን ወደ 20 ሰከንድ ያወረድነው ይህን ለማየት ነበርና፣ ከሰኞ ጀምሮ ወደ እርሱ እመለሳለሁ። ከዚያ በፊት ሬዲዮው ራሱ የምልክቱን ቁጥር በስንት ሰከንድ አንድ ጊዜ እንደሚያድስ መለካት አለብኝ።